ከድር ምን ይስብ ነበር

ከወንድሜ ከከድር የመፍቻ ሳጥን ውስጥ፣ ከሥሩ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን ጥቁር የላስቲክ ቱቦ አገኘሁ። ጫፏ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ሌላ ሰው ቢያገኛት ውሻ ያኘካት መስሎት ይጥላት ነበር። እኔ ግን የማን ጥርስ እንደሆነ አውቃለሁ። ከላይኞቹ የከድር ጥርሶች አንዱ ትንሽ ወጣ ያለ ነበር፤ ምልክቱም እዚያ ጋ ጠለቅ ይላል። ሳጥኑን እናቴ ናት የሰጠችኝ። "አንተ ያዘው፣ እኔ ማየት አልችልም" አለችኝ። እኔም ብዙ ማየት አልቻልኩም። ቱቦዋን ብቻ አወጣሁና ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። አሸተትኳት። የቤንዚን ሽታ የለም፣ ቆይቷል። የአሮጌ ላስቲክ ሽታ ብቻ ነው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ እንደሚሸተው።

ልጅ ሆኜ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ረመዳን ነበር። መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ያደገ ሰው ያን ሰዓት ያውቀዋል። ከዐስር ሶላት በኋላ ሳምቡሳ ሲጠበስ ሽታው ከየቤቱ እየወጣ መንገዱን ይሞላዋል፤ ከምን አለሽ ተራ በኩል ደግሞ የቆርቆሮው ቅጥቀጣ ይሰማል። እኛ ልጆቹ ሆዳችንን ለመርሳት ብይ እንጫወት ነበር። ጾሜን ቀን ሙሉ መያዝ የጀመርኩት ያን ዓመት ነው። ኮርቼም ነበር። ምላሴን አውጥቼ ለጓደኞቼ አሳይ ነበር፤ ነጭ ከሆነ ጾመኛ ነው ይባል ነበርና።

አባቴ ጣቃ ነጋዴ ነው። ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። ከድር ስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባቴ ሱቅ እንዲገባለት ይፈልግ ነበር፣ ከድር ግን ጋራዥ ገባ። "የባለ ሱቅ ልጅ ዘይት ይቀባል?" ይል ነበር አባቴ። በቁጣ አይልም፤ እንደሚገርመው ሰው ነበር የሚለው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ቤት አልሄድም፣ ወደ ጋራዡ ነበር። ከድር ካቻቢቴ አምጣ፣ ፒንሳ አቀብል ይለኛል። ስሳሳት አይቆጣም። "ይሄ ፒንሳ ከሆነ አንተ ኢማም ነህ" ይለኝ ነበር።

መኪናዋ የጋሽ ተሰማ ነበረች። ጋሽ ተሰማ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። መኪናዋን ከአጎታቸው ነው የወረሷት። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ የነበረች ግን ፀሐይ የበላት የእሽቅድድም ዓይነት መኪና። ስሟ የተጻፈበትን ብረት ከዓመታት በፊት አንዱ ነቅሎ ወስዶታል፤ ምን እንደምትባል የሚያውቅ አልነበረም። ልዩ የሚያደርጋት ዓይኗ ነው። የፊት መብራቶቿ ቀን ኮፈኑ ውስጥ ተኝተው ይውላሉ። ሞተሯ ተነስቶ የመብራቱ ቁልፍ ሲሳብ ከኮፈኑ ላይ ብድግ ይላሉ፣ ልክ እንደ እንቁራሪት ዓይን።

ችግሩ፣ የቀኙ ብድግ ሲል የግራው ግማሽ ድረስ ይመጣና ይቀራል። አንዳንዴም ተነስቶ ቀስ እያለ ይከደናል። ሰፈሩ ወዲያው ስም አወጣላት፣ ጠቃሿ። ዕቃ ሊገዙ የመጡ ሴቶች "ኧረ እኔን ጠቀሰችኝ" እያሉ ይሳሳቁ ነበር። አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ፣ "ጋሼ፣ ይቺን መኪና ይዳሯት፣ አስቸገረች እኮ" ሲላቸው ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ሳቁ። ሲጨርሱ ግን አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌ ሰው በየመስቀለኛ መንገዱ በሚጠቅስ መኪና መሄድ እንዴት እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ ቀየረ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ አምፖሉንም ቀየረ። አምፖሉ ይበራል፣ ዓይኑ ግን አይነሳም። ከዚያ ሰው ሁሉ ንፋስ ነው የጎደላት ማለት ጀመረ። ጎሚስታው የጎማ መሙያውን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሊነፋት። ከድር ነው የከለከለው። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። እኔም እንደሱ አደረግኩ፤ ፍስስ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"ይቺ አትነፋም" አለ። "ይቺ የምትነሳው በመሳብ ነው።"

ነገሩን ለእኔ ያስረዳኝ በሚሪንዳ ነው። ማለት፣ በባዶ ሚሪንዳ ጠርሙስ። አፌ ላይ አስደግፎ ሳበው አለኝ። ስስበው ጠርሙሱ ከንፈሬን ይዞ ተንጠለጠለ። ሞተሩም እንደዚሁ ነው አለኝ፤ ሲሠራ አየር ይስባል፣ ያ መሳብ በቀጭን ቱቦ እየሄደ ዓይኖቿን ብድግ ያደርጋቸዋል። ቱቦው የሆነ ቦታ ከተቀደደ የውጭ አየር ይገባና ጉልበቱ ይጠፋል። እንግዲህ የተቀደደውን ቦታ መፈለግ ነው። ቱቦው ግን አንድ አይደለም። ከሞተሩ ይነሳል፣ ወደ ሹፌሩ የመብራት ቁልፍ ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል።

ለዚህ የሚሆን መለኪያ ጋራዡ ውስጥ አልነበረም። ከድር መለኪያውን አፉ አደረገው። ቱቦውን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ አንዱን ጫፍ በጣቱ ይደፍናል፣ ሌላውን አፉ ውስጥ ከትቶ ይስብና ምላሱን ያስጠጋበታል። ምላሱን ይዞ ከቆየ ቱቦው ጤነኛ ነው። ከለቀቀው ቀዳዳ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያደርገው፣ በምላሱ ለማዳመጥ ይመስለኛል። አንዱን ለእኔም ሰጠኝ። ምላሴን ሲይዘኝ ደንግጬ ጮህኩ፣ እሱ መሬት ተቀምጦ ሳቀ።

ጾም ስለሆነ አስቀድሞ የመስጊዱን ኡስታዝ ጠይቋቸው ነበር። ይህን መቼም አልረሳውም፣ አብሬው ነበርኩ። ኡስታዙ ነገሩ እስኪገባቸው ሁለቴ አስደገሙት። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ ንፋስ ሆድ አይገባም፣ ጾም አያስፈታም፤ ቤንዚን እንዳትውጥ ብቻ አሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት ረጅሙን ቱቦ እየፈተነ ነበር። ቱቦው ከኮፈኑ ሥር ተጠምዝዞ ይወጣል፣ ጫፉ አፉ ውስጥ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን መከላከያው ላይ ደገፍ አድርጓል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል። እኔ ከአጠገቡ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከመንገዱ ማዶ ሲያዩን ምን እንመስል ነበር? ዛሬ ሳስበው ይገባኛል። ሺሻ የሚስብ ሰውና ተረኛው።

ጋሽ ኸይሩ አዩን። ጋሽ ኸይሩ ከአባቴ ሱቅ ጎን ሳሙና የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ለእኛ ለሰፈር ልጆች ተምር የሚሰጡን እሳቸው ነበሩ። ወደ አባቴ ሄደው፣ ልጅህን በጾም አፉ ሲስብ አየሁት አሉት። እንደ ጎረቤት ነው የነገሩት፣ በሹክሹክታ።

አባቴ ግን በሹክሹክታ አልመለሰውም። ከድርን አስጠራው። እኔም ተከተልኩት። የሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ገዢ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ።

"ስበሃል ወይስ አልሳብክም?" አለው።

ከድር መዋሸት አያውቅም። ደግሞም በዚያ ሳምንት ለእሱ መሳብ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አዎ አባ፣ ስቤያለሁ። ግን እኮ..."

"ግን የለውም።"

ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሬን አየ። የቱቦው ጫፍ በከንፈሬ ዙሪያ ጥቁር ክብ ሠርቶብኝ ነበር። "ይሄንንም አስተማርከው?" አለ። ያኔ ነው ድምፁ የተሰበረው። በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ አልለቀቀም፣ ይልቅ ፊቴን ሁሉ አዳረሰው። አንዱ ከኋላ "ለዚያውም በረመዳን" ሲል ሰማሁ። አባቴ በመጨረሻ፣ ጾም ያላከበረ ከእኔ ጋር አያፈጥርም አለ። ይህን ያለው ጮክ ብሎ ነው። ከድር አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔን ግን አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ... እንዴት ልጻፈው። ቁርአን ቤት "የሳቢው ወንድም" አሉኝ። ብይ ሊያጫውቱኝ እንቢ ያሉም ነበሩ፣ ጭስ ትሸታለህ እያሉ። ጆሮዬ ይግል ነበር። ኀፍረት መጀመሪያ የሚታወቀኝ ጆሮዬ ላይ ነው፣ እስከ ዛሬ። ማታ ማዕዱ ይቀርባል፣ የከድር ቦታ ባዶ ነው። እናቴ ሾርባ በፔርሙስ ሞልታ ለእኔ ታስይዘኛለች። አባቴ ፔርሙሱን ያየዋል፣ ያላየ ይመስላል። ተምሩን ከአባቴ እጅ የምቀበለው አንገቴን ደፍቼ ነበር። ከድር ሲስብ እኔም አብሬው ስቤያለሁ። እሱ ውጭ፣ እኔ ማዕድ ላይ።

ለአባ ለምን አታስረዳውም አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ሾርባውን እየጠጣ ነበር።

"አሁን ብነግረው ሰበብ ይመስለዋል" አለኝ። "ዓይኗ ይከፈት። ከዚያ በኋላ ራሱ ያየዋል።"

ስለዚህ የመኪናዋ ዓይን የወንድሜ ጉዳይ ሆነ። የእኔም። የእኔ ሥራ ከፊቷ ቆሞ ማየት ነበር። እሱ ውስጥ ሆኖ ሲያስነሳ እኔ "ቀኙ ወጣ፣ ግራው ቀረ" እላለሁ። ቱቦዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተነ፣ ሁሉም ምላስ ይይዛሉ። ዓይኖቹን የሚገፉትን ሁለቱን ክብ ላስቲኮች ፈተነ፣ እነሱም ደህና ናቸው። ተስፋ ልንቆርጥ ስንል ከመከላከያው ጀርባ፣ ጭቃ ሸፍኗት፣ አንዲት ድቡልቡል ቆርቆሮ አገኘ። መሳቡን አጠራቅማ የምትይዘው እሷ ናት። ታችኛው ጎኗን ዝገት በልቶት እንደ ወንፊት ሆኗል። ግራው ከእሷ ራቅ ያለ ስለሆነ ነው የተረፈው ጉልበት የማይደርሰው አለኝ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እኔ ግን አመንኩት።

መጀመሪያ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በጥሩ ሁኔታ አስበይዶ አሰረላት። ጋሽ ተሰማም ነበሩ። ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮው ቋ አለና በዓይናችን ፊት ተጨማደደ፣ ሰው የጨበጠው ወረቀት መሰለ። ያዩት ሁሉ ሳቁ። ከድር አልሳቀም፣ ግን አልተናደደም። የተጨማደደውን ቆርቆሮ አንስቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ምን አለሽ ተራ ወርዶ ያረጀ የእሳት ማጥፊያ አመጣ፣ ወፍራም ብረት ነው። አስቆረጠው፣ አፍ አስወጣለት፣ በቆርቆሮዋ ቦታም አሰረላት።

የተጨማደደውን ቆርቆሮ ጋሽ ተሰማ ወሰዱት። እኔ ለማስታወሻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ለካ ወደ አባቴ ሱቅ ነው የሄዱት። አባቴ በኋላ ለእናቴ ሲነግራት እንደሰማሁት፣ ቆርቆሮውን ጣቃው ላይ አስቀምጠው፣ "ሐጂ፣ ይህን የሳበችው የእኔ መኪና ናት። ልጅዎ የሚስበው የሷን በሽታ ለመፈለግ ነው" ብለውት ወጡ።

አባቴ ወደ ጋራዡ የመጣው መግሪብ ሊደርስ ሲል ነው። ያ ሰዓት መርካቶ ውስጥ እንዴት እንደሆነ እናንተም ታስታውሱታላችሁ። ሁሉም ለማፍጠር ወደ ቤቱ ገብቶ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ያን ሁሉ ሰው መሬት የዋጠችው ይመስል። ሰላም አላለንም። የመኪናዋ ሞተር እየሠራ ነበር። ከድርም አንዱን ቱቦ ነቀለና ጫፉን ዘረጋለት። አባቴ መዳፉን አስጠጋበት። ቱቦው መዳፉን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ሊያላቅቅ ሳብ አደረገው፣ አልለቀቀውም። እንደገና አስጠጋው፣ እንደ ልጅ።

"ይቺ ናት እንዴ የምትስበው?" አለ።

"አዎ አባ።"

ከድር ቱቦውን መልሶ ሰካና ቁልፉን ጎተተ። እኔ እንደ ልማዴ ከፊት ቆሜያለሁ። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ብድግ አሉ። "ሁለቱም ወጡ" ማለት ነበረብኝ፣ ሁለት ጣቴን ብቻ አወጣሁለት። አዛኑ ተሰማ። አባቴ መዳፉን አየ፣ ቀይ ክብ ወጥቶበታል። ከዚያ "ና፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል" አለው። ይህን ብቻ። ሦስታችንም በባዶው መንገድ ወደ ቤት ሄድን። ያን ቀን የመጀመሪያዋን ተምር ለከድር ነው የሰጠው።

ነገሩ ያኔ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። አባቴ ከድርን የሰደበው አደባባይ ላይ ነው። የታረቀው ግን ጓዳ ውስጥ ነበር። ማንም አላየም።

ከድር ባለፈው ክረምት ሞተ። ሳንባው ነው። በሳል ጀመረው፣ በደንብ ሳናስታምመው እንኳ ቶሎ ወሰደው። ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ኸይሩ አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የመጡት። አልቅሰውለታል፣ እውነተኛ ለቅሶ። ከዚያ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰዎች በአዘኔታ፣ "አላህ ይዘንለት። በልጅነቱ ይስብ ነበር እኮ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሳንባው ያኔ ነው የተጎዳው" አሉ። ሰዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ውኃ እያደልኩ ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ያው የልጅነቱ ኀፍረት፣ አንድም ሳይለወጥ። እጄ ወደ ከንፈሬ ሄደ፣ ልጠርገው። ምን አለኝ የምጠርገው? ወንድሜ ሞቶ፣ በእሱ አፈርኩ። ከዚያ በማፈሬ አፈርኩ። መናገር ፈለግኩ፣ ግን ትምህርቴ አሥረኛ ላይ ያበቃ ሰው ነኝ፣ ሽማግሌ ፊት ቃል አይቀናኝም። የውኃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ቆምኩ።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ቀስ ብሎ ነው የተነሳው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ መዳፉን ለሰዉ አሳየ፣ ምንም የለበትም።

"ኸይሩ፣ ልጄ ጭስ ስቦ አያውቅም" አለ። "መኪናዋ ናት የምትስበው። ይቺን መዳፌን ስባታለች። ያን ቀን በሱቄ ደጃፍ ሰው ፊት የሰደብኩት እኔ ነኝ፤ አፉ በለኝ አላልኩትም፣ ሾርባ ነው የሰጠሁት። አሁን ሰው ፊት ልበለው። ከድር፣ አፉ በለኝ።"

ተቀመጠ። ጋሽ ኸይሩ ከዘራቸውን ትተው፣ በእጃቸው መሬቱን እየተደገፉ መጥተው ከአባቴ ጎን ተቀመጡ። እስከ ማታ ከዚያ አልተነሱም።

ያኔ ሰው ሁሉ ያያት የነበረችውን መኪና ዛሬ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ሰፈራችን ሰባተኛ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ ጋራዡ የነበረበት ቦታም የሱቅ ሕንፃ ነው። የዛሬ ልጆች ብይ አያውቁም፣ ወይም እኔ አላየኋቸውም። እኔ አባቴ ሱቅ ገባሁ፣ ከድር ይገባል ተብሎ በነበረው ቦታ። ጣቃ እለካለሁ። ስለ መኪና የማውቀው ያችን የምላስ ነገር ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ተሰማ፣ በጣም አርጅተውም፣ መኪናዋን ይዘው ሱቁ ፊት ቆሙ። የግራው እንደገና መዘግየት ጀምሯል አሉኝ። ሌላ መካኒክ ይሂዱ ልላቸው አስቤ ነበር። ግን ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። ወጣሁ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። መከላከያው ሥር ያ የእሳት ማጥፊያ ብረት አሁንም አለ፣ የከድር እጅ እንዳሰረው። ከዓይኑ ጋ የምትገናኘው አጭሯ ቱቦ ግን ተሰነጣጥቃለች። ከኪሴ ያቺን የጥርስ ምልክት ያለባትን ቱቦ አወጣሁ፣ ልኳ ናት። ከመሰካቴ በፊት መፈተን አለብኝ። ጫፏን አፌ ውስጥ አደረግኩ። ጥርሴን እሱ በነከሰበት ላይ አሳረፍኩ፣ አልገጠመም፣ የእኔ ጥርስ እኩል ነው። በጣቴ ደፍኜ ሳብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፣ ቀትር ነው። አንድ ወጣት ዕቃ እየገፋ ሲያልፍ "ወንድሜ፣ ምንድነው የምትስበው?" አለኝ፣ አብረውት ያሉት ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ልመልስለት ፈለግኩ። መመለስ ግን አልቻልኩም፣ ቱቦዋ ምላሴን ይዛኝ ነበር።